ቢያድግልኝ

ከአንገረብ በላይ ነው ቤቴ፣ ዳገቱ ላይ፤
ሰባት ባሕር ዛፍ ነበር ፀሐይ የማያሳይ።
ባሌ ነው የተከለው፣ የመንገድ ሥራ ሹፌር፣
«ከባንክ ይሻላል» ባይ፣ ቁጠባው ከአፈር።
ስሙ ቢያድግልኝ ነው፤ ሦስት ቀብረው ከላዩ፣
እናቱ ያወጡለት፣ ቆመው ሲጸልዩ።
አደገላቸውም፣ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ፤
አምና ጥር ላይ ወደቀ፤ ኩላሊት ነው አሉ።

ነጋዴው ሙሉሰው ግንዱን በክንዱ ለካ፣
ብሩ ለሐኪም ሄደ፤ አይበቃም ነበር ለካ።

ጉቶ ብቻ ቀረኝ፤ ሰባት ክብ ገበታ፣
ምንም የማይቀርብበት፣ ጧት ይሁን ማታ።
ሣር አበቅላለሁ አልሁ። ለምን? እኔ እንጃ፤
ጥላው ሲነሳበት ጓሮው ሆነ ሳንጃ።

አቶ ድልነሳው፣ የግብርና ጡረተኛ፣
በአጥር አሻግረው «አይሆንም» አሉኛ።
«ባሕር ዛፍ የጠባው አፈር የነጠፈ ጡት ነው፤
ቅጠሉ አመረረው፣ ሥሩ መጠመጠው።
ሦስት ክረምት ይተኛ፤ አመድ ነስንሺበት፤
ጉቶውንም ንቀይ፣ ሥሩም አይቅርበት።»

ሦስት ክረምት የት አለኝ?

ሁለት ልጅ ቀጥሬ በዶማ ሲታገሉ፣
አራቱ ወጡልኝ፣ ሦስቱ እምቢ አሉ።
አመዱን ከዳቦ ቤት በጆንያ ለመንሁኝ፣
ፍጉን ከወለቃ በባጃጅ አስጫንሁኝ።
የባጃጁ ልጅ ምናሉ አፍንጫውን ይዞ፣
«እማማ፣ ይህ ሽታ ይደርሳል አዘዞ!»
ሰርዶ ከመንገድ ዳር፣ ከቦይ ዳር ነቀልሁ፣
ገበሬ የሚረግመውን በስንዝር ተከልሁ።
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅ፤
ሰርዶም እንደዚያው ነው፣ ከያዘ አይላቀቅ።
ከያዘ ነው እንጂ!
የሐምሌው ጎርፍ ወሰደው ግማሹን ወደ አንገረብ፤
ደግሜ ተከልሁት፤ ዶሮ አየው እንደ ቀለብ።

በየጧቱ ጎንበስ ብዬ ላየው እወጣለሁ፣
«ምነው ቢያድግልኝ» እላለሁ፤ «ቢያድግልኝ» እላለሁ።
አንድ ቀን ድልነሳው በአጥሩ ቀዳዳ
ሰምተውኝ ኖሯል፤ ቆሙ እንደ እንግዳ፤
ቆባቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«አይዞሽ» አሉኝ፤ «እሱ በሰላም ነው ያረፈው።»
ስለ ሣሩ ነው ልል አፌን ከፈትሁና
መልሼ ዘጋሁት። ስለ እሱም ነበርና።

ማራኪ ላይ ደግሞ ሆቴል እየተሠራ
ከደጄ ይታያል፣ ስድስት ፎቅ ተራራ፤
ዙሪያውን እንጨት ነው፣ በሚስማር የተያያዘ፣
የቀን ሠራተኛ የሚወጣው ባልዲ እንደያዘ።
ከዚያ ውስጥ ሰባቱ የኛ ናቸው መቼም፤
በሕይወት ሳሉ እንዲህ አልረዘሙም መቼም።

ዝናቡ ቆመ። ቧንቧው በአሥራ አምስት ቀን ነው የሚመጣ፤
የእጅ እጣቢ፣ የልብስ እጣቢ፣ ሁሉም ለሱ ወጣ።
ጥቅምት ላይ ያዘልኝ። ሙሉ ግን አይደለም፤
የጎረምሳ ፂም ነው፣ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም።
የቀሩት ሦስት ጉቶዎች ሌላ ሐሳብ አላቸው፤
ሣሩን ሰንጥቆ ወጣ ሰማያዊ ቅጠላቸው።
ቅዳሜ ቅዳሜ እቆርጣለሁ በመቀስ፤
ማክሰኞ ብቅ ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ።

ትናንት ግን ጉንፋን ያዘኝ፤ ቀኑን ሳልጠብቅ ወጣሁና
ከዚያው ካልታዘዘኝ አንድ እፍኝ ሸመጠጥሁና
ድስቱን ጥጄ፣ በጋቢው ተከናንቤ ታጠንሁ።
ጋቢው የሱ ነው።
ፊቴ ርሶ ስወጣ ድልነሳው አዩኝ፤ ላብ ነው አልሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው። መቀሱን ሞረድሁ።